ክብደት እየቀነስን ሽንት ቢያመልጠን፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ መመሪያ

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት በራሱ ስፖርት ነው። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይወጣል። በአንዱ እንዲህ ባለ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ገመድ እዘል ነበር። በ2 ወር ውስጥ 11 ኪሎ ቀንሼ፣ ሱሪዬ ሰፍቶኝ፣ የሚያየኝ ሁሉ «ምን አግኝተሽ ነው?» እያለ የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። 30ኛው ዝላይ ላይ ሙቅ ነገር በጭኔ ወረደ። ላብ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ በዚያ ብርድ ማን ያልበዋል? ዕድሜዬ 26 ነው፤ አልወለድኩም፣ የማውቀው በሽታም የለብኝም።

አክስቴ «ብርድ መትቶሽ ነው፤ ድንጋይ ላይ አትቀመጪ አላልኩሽም?» አለችኝ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሽንቴ ሳይመረመር የ7 ቀን ፀረ ተሕዋስያን ሸጠልኝ፤ ውጬ ጨረስኩት፣ ለውጥ የለም። የራሴ መፍትሔ ከሁለቱም የባሰ ነበር፦ ውኃ መጠጣት አቆምኩ። ከዚህ በታች ያለው መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉም የተጻፈው ታስቦበት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ክብደት መቀነስ ለሽንት ፊኛ ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም። ፊኛ 400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከረጢት ነው። ከሥሩ ከዳሌ የፊት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጉ ጡንቻዎች ይደግፉታል፤ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይባላሉ። የጠፍር አልጋ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ጠፍሩ ሲላላ የተኛበት ሁሉ ይሰምጣል። ቦርጭ ደግሞ ቀንና ሌሊት ከላይ የሚጫን ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ካላቸውና ሽንት ከሚያመልጣቸው 338 ሴቶች መካከል በአማካይ 8 በመቶ ክብደታቸውን የቀነሱት በሳምንት የሚያመልጣቸው ጊዜ በ47 በመቶ ቀንሶላቸዋል፤ እምብዛም ባልቀነሱት ላይ ቅናሹ 28 በመቶ ነበር። እንግዲህ ሽንት ማምለጥ የጀመረን ኪሎ ስንቀንስ ከሆነ፣ ጥፋቱን ከኪሎው ሳይሆን ከአቀናነሳችን ውስጥ እንፈልገው።

ደረጃ 1፦ አደገኛውን ማጣራት

ይህን ደረጃ ማንም አይዝለለው። ክብደታችሁ የቀነሰው እናንተ ሳትፈልጉት ከሆነ፣ ውኃ ጥሙ የማይበርድ ከሆነ፣ ሽንቱም ጥቂት ጥቂት ሳይሆን በብዛት የሚወርድ ከሆነ በዚያው ቀን የደም ስኳር ተለኩ። በወጣቶች ላይ የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው እንዲህ ነው፦ እየከሱ፣ እየጠሙ፣ ሌሊት እየተነሱ። ምልክቱ ካለ በማንኛውም ሰዓት የተለካ 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ውጤት የስኳር በሽታ ነው፤ ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት ሲለካ ደግሞ ድንበሩ 126 ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና በረዥሙ መተንፈስ ከተጨመረበት ለነገ አይባልም። ስፖርት ስለጀመርኩ ነው የከሳሁት ብሎ የሚዘናጋ ወጣት ስለማይጠፋ ነው ነገሩን ከፊት ያመጣሁት።

ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥል፣ ደም የተቀላቀለበት ወይም ትኩሳትና የጎን ሕመም ያለበት ከሆነ የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ከምርመራው በኋላ ይምጣ። የወር አበባ የቀረባት ሴት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልና የሌሊት ላብ ከክሳት ጋር ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠየቅ። በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ የእግር መድከም ወይም ሽንት ጨርሶ መውጣት አለመቻል ድንገት ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ሌላም አለ። በአስቸጋሪ ምጥ ከወለዱ በኋላ ሽንት ቀን ከሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ፣ ማለትም በምጥ ጊዜ በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መመሪያ ለዚያ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐኪሞቹ በሐምሊን ባልና ሚስት የተመሠረተው የአዲስ አበባው ፌስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነጻ ይሰጣል፤ መንዝም ሆነ መርሐቤቴ ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ሴት የምታውቁ ከሆነ ንገሯት።

ደረጃ 2፦ የ3 ቀን መዝገብ

አሰልቺ ነው፤ ግን የእኔን ነገር የፈታው ይህ ነው። አንድ የፕላስቲክ ጆግ ያዙ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ጆጉ ውስጥ ገልብጡና የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሩ፤ ግማሹ ላይም ሌላ መስመር። ይህ ጆግ ከዚህ በኋላ ወደ ኩሽና አይመለስም፤ ለቤተሰቡም ንገሩ፤ እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ትንሽ ጠብ ነበር። ለ3 ቀን ስንት እንደጠጣችሁ፣ ስንት እንደሸናችሁ፣ መቼና ምን ስታደርጉ እንዳመለጣችሁ ጻፉ። አንዱ ቀን የሥራ ቀን፣ አንዱ የስፖርት ቀን ይሁን።

ከእኔ ደብተር ላይ ጥቂት መስመር፦

«ጠዋት 12፡30፣ 380 ሚሊ ሊትር፣ ደህና። 1፡00፣ ሙቅ ውኃ በሎሚ፣ 2 ብርጭቆ። 1፡40፣ 120፣ ተቻኩዬ። 2፡15፣ 90፣ በር ስከፍት ጥቂት አመለጠኝ። 4፡00፣ ቡና፣ አቦልና ቶና። 4፡30፣ 110፣ ተቻኩዬ።»

የጤና ባለሙያው ደብተሩን አይቶ ጣቱን 380 ላይ አሳረፈ። «ፊኛሽ ጠዋት 380 ከያዘ 90 ላይ የሚጮኸው ስለሞላ አይደለም» አለኝ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ስሜት የሚመጣለት 150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ላይ ነው፤ ከዚያም ገና ቦታ አለ። በቀን 6 እስከ 8 ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው። እኔ 14 ጊዜ ጽፌያለሁ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን መለየት

መዝገቡን አንብቡ። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ፣ ሲዘሉ ወይም ከባድ ሲያነሱ የሚያመልጥ ከሆነ ችግሩ የጫና ነው፤ ጠፍሩ ላልቷል። ድንገት መጥቶ፣ ሽንት ቤት ሳይደረስ የሚቀድም ከሆነ ደግሞ የችኮላ ነው፤ ፊኛው ያለጊዜው ይኮማተራል። ሁለቱም ያለበት ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ። ወንዶች ላይ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ይታያል፦ ሽንት ጨርሶ ሱሪ ከተቆለፈ በኋላ ጠብ ጠብ ማለት። ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ሲጨርሱ ከቆለጥ ጀርባ ባለው ስፍራ በሁለት ጣት ጫን አድርጎ ወደ ፊት መግፋት በቱቦው ውስጥ የቀረውን ያወጣዋል።

ደረጃ 4፦ የሚጠጣውን ማስተካከል

ምግብ መቀነስ በጀመርን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንት ቢበዛ አይድነቃችሁ። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር በ1 ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጀራና ዳቦ ሲቀንስ ያ ክምችት ያልቅና ውኃው ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ያየነው ደስ የሚል ቅናሽ ብዙው በሽንት ቤት በኩል የሄደ ነው። ይህ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል።

የማይረጋጋው የምንጨምርበት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሻይ፣ ከዚያ ረሃብ ለማስታገስ ቡና፣ ስፖርት ቤት ደግሞ 2 ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም የሚጠጣ ሰው ምግቡን ሲቀንስ ቡናውን እንዳለ ይተወዋል፤ ካፌይን ሽንት ያበዛል፣ ፊኛውንም ያስቆጣል። ለ2 ሳምንት ቡናውን አቦል ላይ አቁሙት፤ አረንጓዴውን ሻይና ጋዝ ያለውን ውኃ ተዉት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው እንደሚያስቆጣ እዩ። ሁሉንም በአንድ ቀን መተው ራስ ምታት ያመጣል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መመለስ ደግሞ ጥፋተኛውን ይደብቃል።

ውኃ ግን አይቀነስም። በቀን 1.5 እስከ 2 ሊትር ያህል፣ በየጊዜው ትንሽ በትንሽ ይጠጣ። ውኃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ወፍሮ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፤ ሆዱም ይደርቃል። ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ገለባ ከመሰለ በቂ ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው ጣጣው ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑን ውኃ ሁሉ ማታ ይጠጣና ሌሊት 4 ጊዜ ይነሳል። በደብረ ብርሃን ሌሊት ጓሮ ያለ ሽንት ቤት 4 ጊዜ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም። ከ9 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት አቁሙ፤ ጾሙን በቡና አትፍቱ፤ ጠላና አረቄም ማታ ሽንት ያበዛሉ። በረመዳንም ከአፍጥር እስከ ሱሑር ያለውን ጊዜ በዚሁ ሥርዓት መከፋፈል ይቻላል። ምርመራ ላይ ያለ ወይም የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። አልጋ ሥር ፖፖ ማስቀመጥም ነውር የለበትም።

ስለ ብርዱ አክስቴ ግማሽ እውነት አላት። ሲበርደን የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደም ወደ መሃል ሰውነት ይሰበሰባል፤ ኩላሊትም ትርፍ ውኃ አለ ብላ ታስወጣለች። ስቡ የቀነሰ ሰው ደግሞ ብርዱ ይበልጥ ይሰማዋል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ በጣርማበር በኩል ከ2,800 ሜትር በላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ሽንቱ ቢደጋገም በሽታ አይደለም። ወገብና እግርን ማሞቅ ይረዳል። ድንጋዩ ግን ንጹሕ ነው።

ደረጃ 5፦ ሆድ ድርቀት

ትንሽ የሚበላ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል፤ ማማጥም ጠፍሩን ያላላል። ተልባ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ከነገለፈቱ የተፈጨ ገብስ፤ መድኃኒቱ ቤታችን ነው።

ደረጃ 6፦ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከር

አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ልምምድ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማንም አያይም። ችግሩ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይሠራዋል።

መጀመሪያ ጡንቻውን ፈልጉ። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። በሰው ፊት የሆድ አየር እንዳያመልጣችሁ እንደምትይዙት አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ያንኑ ጥብቀት ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ፊትና ወደ ላይ ሳቡት። ወንድ ከሆናችሁ ቆለጣችሁ ከፍ ሲል ይታወቃችኋል። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፤ ሆድ፣ ጭን ወይም መቀመጫ ከጠነከረ ሌላ ጡንቻ ነው የሠራችሁት። ትንፋሽ መያዝም ስሕተት ነው፤ እየሠራችሁ እስከ 10 ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ መቁጠር ካቃታችሁ ትንፋሽ ይዛችኋል። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን ልምምድ አታድርጉት፤ ፊኛው ሽንቱን ጨርሶ እንዳያስወጣ ያስለምዳል።

ካገኛችሁት በኋላ 3 ሰከንድ ያዙ፣ 3 ሰከንድ ልቀቁ፤ በየሳምንቱ እየጨመራችሁ እስከ 10 ሰከንድ ድረሱ። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። በየዙሩ መጨረሻ ላይ 5 ፈጣን መጨበጥና መልቀቅ ጨምሩ። መልቀቁ ከመጨበጡ እኩል ሥራ ነው። መጀመሪያ ተኝታችሁ፣ ከዚያ ተቀምጣችሁ፣ በመጨረሻ ቆማችሁ ሥሩት። እኔ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ፣ ቀን ቡና ሲፈላ፣ ማታ አልጋ ላይ እሠራለሁ። ቢያንስ 3 ወር ይፈልጋል፤ በ2 ሳምንት ለውጥ ጠብቆ መተው የተለመደው ውድቀት ነው።

ከዚያ ተጠቀሙበት። ልታስነጥሱ ወይም የጤፍ ከረጢት ልታነሱ ስትሉ አስቀድማችሁ ጨብጡ፣ ከዚያ አስነጥሱ። ይህች ቅድሚያ መጨበጥ ብቻዋን ጡንቻው ሳይጠነክር እንኳ ትረዳለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልምምዱ ሕመም ካመጣ ወይም ሽንት ለመጀመር የሚያስቸግር ከሆነ አቁሙ። ሆዳቸውን ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ስበው የሚውሉ ሰዎች ጡንቻቸው ከመላላት ይልቅ ከልክ በላይ ተጨብጦ ሊገኝ ይችላል፤ ለእነሱ መፍትሔው ማላላት ነውና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያቸው።

ደረጃ 7፦ ፊኛን ማሠልጠን

ይህ ለችኮላው ዓይነት ነው። በመዝገባችሁ ላይ በአማካይ በስንት ደቂቃ እንደምትሸኑ እዩ። 60 ደቂቃ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት በ60፣ ቀጣዩን በ75፣ ከዚያ በ90 እያላችሁ 15 ደቂቃ እየጨመራችሁ 3 ሰዓት አካባቢ ድረሱ። ሰዓቱ ሳይደርስ ቢመጣ አትሩጡ፤ ሩጫ ፊኛውን ይንጠዋል። ባላችሁበት ቁሙ ወይም ተቀመጡ፤ 5 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጨብጡ፤ ረጋ ብላችሁ ተንፍሱ። ስሜቱ እንደ ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ በዝግታ ሂዱ።

የእኔ ችግር የበር ቁልፍ ነበር። ከጠባሴ ሰፈር ድረስ ደህና መጥቼ ቁልፉን ሳወጣ ያመልጠኛል። ፊኛው ቁልፉን ከሽንት ቤት ጋር አያይዞ ለምዶታል። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ 5 ጊዜ ጨብጬ፣ ገብቼ፣ ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ከዚያ እሄድ ጀመር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ለማንኛውም» ብሎ መሽናትም ልማድ ይሆናል። ከመናኸሪያ ስትነሱ አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ወረፋ ይዛችሁ ሁለቴ፣ መኪናው ሳይነሳ ሦስቴ አትመላለሱ።

እስኪሻላችሁ ድረስ ለሽንት የተሠራ ንጽሕና መጠበቂያ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ለወር አበባ የተሠራው ሽንት ቶሎ አይመጥም። ካጣችሁ የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ። ቆዳው እንዳይቆስል ቫዝሊን ቀባ ማድረግ ይጠቅማል።

ደረጃ 8፦ አቀናነሱን ማረም

በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። እኔ በ2 ወር 11 ኪሎ ስል ጡንቻም አብሮ ሄዷል፤ የዳሌ ወለሉም ጡንቻ ነው፤ እንቁላልና ሽሮ የሚከለክል የክብደት ዕቅድ ጠፍሩን ይበላል። የወር አበባዋ 3 ወር የቀረባት ልጅ ሰውነቷ ምግብ እያነሰኝ ነው እያላት ነው፤ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የሽንት ቱቦው ሽፋንም ይሳሳል። ዕቅዱን አቁማ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ምግብ መብላት የሚያስፈራው ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰውም እንዲሁ።

«የሚያከሳ ሻይ» ብዙውን ጊዜ አስቀማጭ ቅጠል ነው። ሽንት የሚያበዙ ኪኒኖችን ለመክሳት መዋጥ ደግሞ ከሰውነት ፖታሲየም አጥቦ ልብን ሊያውክ ይችላል፤ ስብ ግን አንድ ግራም አይቀንስም። የቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ ሆድን ሲያጠብቅ ጫናው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀበቶ አስሮ ገመድ መዝለል ፊኛን ከላይ መርገጥ ነው። ከባድ ስታነሱ ትንፋሽ አትያዙ፤ ስታነሱ አውጡ።

ደረጃ 9፦ ወደ ዝላዩ መመለስ

እስከዚያው ፈጣን እግር ጉዞ አለ፤ ከከተማው እስከ በሬሳ ወንዝ ወርዶ መመለስ እንደ ዝላይ ባያንጥም ላብ ያወጣል። የዳሌውን ልምምድ ሳታቋርጡ ለሁለት ሳምንት ምንም ካላመለጣችሁ ፈተናውን ሞክሩ፦ ከሸናችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆማችሁ 3 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ሳሉ። ደረቅ ከሆነ ድንጋይ ላይ ሳይሆን ሣር ላይ፣ በሁለት እግር፣ ዝቅ ብላችሁ 10 ጊዜ ዝለሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ ደረቅ ሳምንት ሲያልፍ 10 ጨምሩ። ካመለጠ 10 ቀንሱና እዚያው ቆዩ። በ3 ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ከነመዝገባችሁ ወደ ሐኪም ተመለሱ፤ ለችኮላው ዓይነት መድኃኒት አለ፣ የሚመርጠው ግን እሱ ነው።

እኔ አሁን 60 ዝላይ ላይ ነኝ።